ወንድሜ የቀረበው ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ክሱ የተከፈተው ከፍተኛ ፍርድ ቤት፤ ለምን ይሆን?

እኅተ ነጋዴ፦
እንደምን ዋላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች ከተማ አነስተኛ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለው። የገበያ ቀን ሽያጩን ባንክ ሊያስገባ ሄዶ ከብሩ መካከል ሐሰተኛ ባለ 200 ብር ኖቶች ተገኙበትና ተያዘ። በማግስቱ ወረዳ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። የዋስትና ጥያቄውም ውድቅ ሆነ። አሁን ደግሞ ክሱ ደብረ ማርቆስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተከፍቷል ተባልን። የጀመረው ዳኛ ለምን አይጨርሰውም? የሰፈር ሰውም «ጉዳዩ የፌዴራል ስለሆነ አዲስ አበባ ይወስዱታል» እያለ እናታችንን እንቅልፍ ነሥቷታል። ቢፈረድበትስ ይግባኙ ወዴት ነው?

ዘካርያስ ከመገናኛ፦
ሐሰተኛ ገንዘብ የፌዴራል ወንጀል ነው። የፌዴራልን ወንጀል የሚያየው የፌዴራል ፍርድ ቤት ስለሆነ አዲስ አበባ መምጣቱ አይቀርም። ጠበቃ ከዚሁ ብትይዙ ይሻላል።

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦
እኅቴ፣ እናትሽን አረጋጊያት፤ ወንድምሽን አዲስ አበባ የሚወስደው የለም። አቶ ዘካርያስ፣ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርዎ ልክ ነው፤ የቀረው ግን የሰው ገንዘብ ያስጨርሳል።

ዕድሜዬን የገፋሁት በአንድ የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። ወረዳው የጊዜ ቀጠሮውን ያየው ቅርብ ስለሆነ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአቅራቢያው ወዳለው ፍርድ ቤት እንዲወሰድ ያዛል። የጊዜ ቀጠሮ ዳኛ የሚመረምረው ፖሊስ በእርግጥ የቀረው ሥራ መኖሩን ነው፤ በአንድ ጊዜም ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። አጥፍቷል አላጠፋም የሚለው ውስጥ አይገባም። ክስ ሲመሠረት ግን የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም ያንን ዓይነት ጉዳይ አይቶ የመፍረድ ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት ይፈለጋል።

ገንዘብ ማተም የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ስለሆነ የሐሰተኛ ገንዘብ ወንጀልም የፌዴራል ጉዳይ ነው። በየዞኑ የፌዴራል ፍርድ ቤት ስለሌለ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ዘዴ አበጀለት፤ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥራ በተጨማሪ የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራሉን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ደርበው ይይዛሉ። ውክልና የምንለው ይህንን ነው። ያው ችሎት፣ ያው ዳኛ፣ ያው ማኅተም ሆኖ ጠዋት የነፍስ ግድያ መዝገብ እንደ ክልል ፍርድ ቤት ይሰማል፤ ከሻይ በኋላ የወንድምሽን መዝገብ እንደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይጠራል። ለባለጉዳይ ዐይን ምንም ልዩነት የለውም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ የሚባለው ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ እስከዚያ ሁለቱም ዓይነት መዝገብ አብሮ ይጓዛል። ከዚያ ወዲያ ይለያያሉ። የክልል ጉዳይ ቢሆን የክልሉ ሰበር ችሎት አለ። የፌዴራል ጉዳይ ሲሆን ግን መንገዱ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ይህን ሳይለዩ ለክልሉ ሰበር አመልክተው፣ ወራት ጠብቀው «ሥልጣን የለንም» ተብለው የተመለሱ ሰዎች መስኮቴ ሥር ቆመው አልቅሰዋል። እንግዲህ የክሱ ግልባጭ ሲደርሳችሁ የተጠቀሰውን አንቀጽ ተመልከቱ፤ ፍርድ ቤቱ በውክልና መቀመጡን ሬጅስትራሩን ጠይቁ። ፊቱን ቢያጠቁርም ጠይቁ፤ ደመወዝ የሚበላበት ነው።

ዋስትና ሲከለከል ይግባኝ የሚባለው በ20 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈም ክሱን ለሚሰማው ችሎት ማመልከት ይቻላል። ዋናው ክርክር ግን ኖቶቹ ሐሰተኛ መሆናቸውን ያውቅ ነበር ወይ የሚለው ይሆናል። የዚያን ቀን ሽያጭ የተመዘገበበት ደብተር ካለ አይጥፋባችሁ፤ ገዝተው የሄዱ ሰዎችንም ከአሁኑ አስቡ። ጠበቃ የመያዝ አቅም ከሌለው በመጀመሪያው ቀጠሮ ተከላካይ ጠበቃ ይቁምልኝ ይበል።

ሰላማዊት፣ የሕግ ተማሪ፦
ጋሼ የጻፉት ለአማራ ክልል በትክክል ይሠራል። ሌላ ቦታ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ በአዋጅ ቁጥር 322/1995 በአፋር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በሶማሌና በያኔው ደቡብ ክልል የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ተወስኗል። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ደግሞ የክልል ፍርድ ቤት የላቸውም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ሞባይል የሰረቀም ሰው የሚከሰሰው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ የከተማው ፍርድ ቤት እንደ ደንብ መተላለፍ ያሉትን ነው የሚያየው። አቶ ዘካርያስም የተሳሳቱት የአዲስ አበባን ልማድ ይዘው ይመስለኛል።

እኅተ ነጋዴ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ላንቺም ሰላማዊት። የሽያጭ ደብተሩ እኔ ዘንድ አለ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰበር ማለት እንግዲህ ሌላ ይግባኝ ነው? ምስክሮቹን እንደገና ይሰማል?

ጡረተኛው ሬጅስትራር፦
አይሰማም። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ነው፤ ምስክር ይታመናል አይታመንም የሚለው የታች ፍርድ ቤቶች ሥራ ነው። በፌዴራሉ ሰበር ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ እንዲያስገድድ ተደርጓል፤ ያ ግን ለወንድምሽ ገና ሩቅ ነው። ያላችሁን ማስረጃ ሁሉ ደብረ ማርቆስ ላይ አቅርቡ፤ ለይግባኝ ብላችሁ የምታስቀሩት አይኑር። ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አድርጊው፤ ዋናውን ያለ ደረሰኝ ለማንም አትስጪ። ቢፈረድበት ይግባኝ ማለቱን በ15 ቀን ውስጥ ያስታውቅ፤ የፍርዱን ግልባጭ ከተቀበለ በኋላ ደግሞ ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን አለው። ግልባጩን የተቀበላችሁበት ቀን በትክክል መጻፉን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አረጋግጡ።