ለሠርግ፣ ለመልስ፣ ለሥራና ለሙት ዓመት አንድ ጥፍር፦ ምን ላሠራ?

የጥር ሚዜ፦

እህቶች እንዴት ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። ጥር ላይ ታናሽ እህቴን እንድራለን፣ አንደኛ ሚዜዋ እኔ ነኝ። እሑድ ሠርጉ፣ ማክሰኞ መልሱ። ረቡዕ ጠዋት ሥራ እገባለሁ፣ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ቅዳሜ ደግሞ ያሳደገችኝ አክስቴ ሙት ዓመት ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንውለው። በየመሀሉ እየሄድኩ ጥፍር የማስቀይርበት ጊዜ የለኝም፣ ገንዘቡም አይበቃኝም።

ለሠርጉ የሚዜዎች ቀሚስ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ለመልስ የምለብሰው የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ ወርቃማና ወይን ጠጅ። እኔ ጠይም ነኝ፣ ጥፍሬ አጭርና ሰፋ ያለ ነው።

የምፈራው ያለፈው ዓመት እንዳይደገም ነው። ለጓደኛዬ ሠርግ ረጅም፣ ጫፉ ሹል፣ ድንጋይ የተለጠፈበት አክሪሊክ የሚሉትን ሰው ሠራሽ ጥፍር አሠራሁ። ገና ጠዋት ነጠላዬን ሳስተካክል አንዱ ድንጋይ ክሩን ያዘውና መዞ አወጣው፤ እናቴ የሰጠችኝ ነጠላ ነበር። ሙሽራዋን ላጎርስ ስል ከንፈሯን ወጋኋት። ሥራ ስገባ ብር መቁጠር አቃተኝ። መጨረሻ ላይ ያነሳችልኝ ልጅ በማሽን ስትፈገፍገው ጥፍሬ ወረቀት ሆኖ ቀረ። እስኪመለስ አምስት ወር ፈጀብኝ። እና አሁን ምን ላድርግ?

ጥፍር ሠሪዋ፦

የኔ እህት፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ሃያ ሁለት አካባቢ ጥፍር ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው፤ እንዳንቺ ያለ ጥያቄ ከጥምቀት ጀምሮ ጾም እስኪገባ በየቀኑ እሰማለሁ።

ደንበኛ ሲመጣ ስልኩን ከፍቶ ቀሚሱን ያሳየኛል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «እጅሽ የዚያን ቀን ምን ሲሠራ ይውላል?» ብዬ ነው። ያንቺ እጅ ሙሽራዋን ያለብሳል፣ አበባ ይይዛል፣ ያጎርሳል፣ በማግስቱ ብር ይቆጥራል፣ ቅዳሜ ጧፍ ይይዛል። ስለዚህ ርዝመቱ ከጣትሽ ጫፍ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር እንዳያልፍ። ቅርጹ ጠርዙ የለዘበ፣ ወደ ጫፉ ጠበብ እያለ የሚሄደው፣ «አልመንድ» የሚባለው ይሁን። ሰፊ ጥፍር በዚህ ቅርጽ ቀጠን ብሎ ይታያል፣ ማንንም አይወጋም። ለጉርሻ የማታሳፍርሽ ጥፍር እሷ ናት።

አክሪሊኩን ተዪው። በራስሽ ጥፍር ላይ ጄል፣ በመብራት የሚደርቀውን ቀለም፣ አሠሪ፤ በደንብ ከተሠራ ሁለት ሳምንት ይቆይልሻል። ሐሙስ ማታ ነይ፣ ዓርብ አትበዪ። ዓርብ ቤቱ ሙሉ ነው፣ የሚጣደፍ ሠራተኛ ደግሞ ቀለሙን ቆዳሽ ላይ ያስነካዋል። ቆዳ የነካ ጄል ከዳር ይነሳል። ይባስ ብሎ ያልደረቀ ጄል ቆዳን ደጋግሞ ሲነካ አለርጂ ያመጣል። አንዴ ከጀመረሽ ደግሞ ሁልጊዜ ነው፣ ይህን በሥራ ባልደረባዬ እጅ አይቻለሁ።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው «ጥፍር መሳይ» ሲል የሚያመጣው ለቀይ ሰው የተሠራውን ነው። ያ ቀለም ጠይም እጅ ላይ ሲያርፍ አመድማ ይሆናል፣ እጅሽ ያልታጠበ ይመስላል። ጠርሙሱን ከጣትሽ ጎን አስጠጊው፤ ከቆዳሽ ትንሽ ሞቅ ያለ፣ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ካራሜል የሚያደላ ነው የሚሆንሽ። ፈረንች፣ ጫፉ ብቻ ነጣ ብሎ የሚቀባው፣ ካማረሽ ጫፉ ድርቅ ያለ ነጭ አይሁን፣ ወተት መሳይ ይሁን፣ እንደ ክር ቀጭን። ይህቺ ሥራሽም ሙት ዓመቱም ላይ አታስነቅፍሽም።

አሁን የቀሚስሽን ጥለት ጥፍርሽ ላይ ስለማምጣት። ጄሉ ቶፕ ኮቱ፣ የመጨረሻው መሸፈኛ፣ ተደርጎለት መብራት ውስጥ ከደረቀ በኋላ፣ ስዕሉን ከላዩ ላይ በተራ ጥፍር ቀለም ነው የምሠራልሽ። ተራ ቀለም አሴቶን በሌለው ማስለቀቂያ ይለቃል፣ ሥር ያለው ጄል ግን አይነካም። ማክሰኞ ማታ ከመልስ ስትመለሺ በጥጥ ቀስ አድርገሽ ጠርጊው። ረቡዕ ጠዋት መስኮትሽ ላይ የምትቀመጪው በንጹሕ ጥፍር ነው።

ጥለቱን እንዳለ ለመገልበጥ አትሞክሪ። ጥለት በሸማ ስፋት የተሠራ ነው፣ ጥፍር ላይ ሲጨመቅ ቆሻሻ ይመስላል። ሁለት ቀጫጭን የወርቅ መስመር፣ በመሀላቸው ጥቃቅን ነጠብጣብ፣ በቀለበት ጣትና በአውራ ጣት ብቻ። አውራ ጣት ያልኩት አበባ ስትይዢም ሆነ ስታጎርሺ ፎቶ ላይ ፊት ለፊት የሚወጣው እሱ ስለሆነ ነው። ወርቁ አረንጓዴው ቀሚስ ላይም ጥለቱ ላይም ይሄዳል። ወይን ጠጁን ግን ተዪው፤ ሲጠረግ ነጣ ያለ ጄል ላይ ጥላ ሊተው ይችላል።

ድንጋይ ነጠላ ለሚለብስ ሰው አልለጥፍም። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ክሩ ላላ ያለ ነው፣ በትንሽ ሹል ነገር ይመዘዛል። ማት የሚባለውንም፣ የማያብረቀርቀውን፣ ለግብዣ አልመክርም። ወጥና ቅቤ ይይዛል፣ የአልጫው እርድ ደግሞ ቢጫ ያደርገዋል። የሚያብረቀርቀው ታጥቦ ይጠራል።

ስለ ማንሳት፦ ጥጥ በአሴቶን ነክረሽ፣ በፎይል ጠቅልለሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ በእንጨት ገፋ አድርጊው። ካልለቀቀ እንደገና ጠቅልዪ እንጂ አትላጪው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ አምስት ወር የፈጀብሽ ለዚህ ነው።

ወሎዬዋ ከዱባይ፦

ማሻ አላህ፣ አላህ ትዳሩን ያማረ ያድርግላት። ለኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ልጨምር። ጥፍር ቀለም ውሃ ስለማያስገባ ለዉዱእ፣ ከሶላት በፊት ለምንታጠበው፣ አይሆንም፣ ስለዚህ ለኢድም ለሠርግም ሂና እንሞቃለን። ሂና ቀለሙ ጥፍሩ ውስጥ ስለሚገባ ውሃ አይከለክልም። ከዝግጅቱ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ አድርጉት፤ ሲነሳ ብርቱካንማ ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ነው የሚጠቁረው። ቆዳ ላይ ቶሎ ይለቃል፣ ጥፍር ላይ ግን አድጎ እስኪቆረጥ ወራት ይቆያል። ለአንድ ቀን ብላችሁ ጥፍራችሁን አታስነክሩ።

«ጥቁር ሂና» የሚሉትን አደራ ራቁት። የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ይቀላቀልበታል። የአብሮ አደጌ እጅ በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጥሮ አይቻለሁ፣ ጠባሳው የአበባውን ቅርጽ ይዞ ቀረ።

ጥፍር ሠሪዋ፦

እውነትሽን ነው። እናቴ ጎጃም ስትዳር የሞቀችው እንሶስላ ነው፣ ሥሩ ተወቅጦ። ዛሬም እንሶስላ ሞቃ የምትመጣ ሙሽራ አለችኝ። ለእሷ ቀለም አልቀባም፤ የሚያሳይ ጄል ብቻ አድርጌ አበራዋለሁ። ሁለቱንም የምትፈልጉ እንሶስላውን አስቀድሙ፣ ጥፍሩ ከዚያ በኋላ ይሠራ።

ነርሷ፦

ስለ ሠርግ ብዙ አልልም፣ ግን ወሊድም አንድ ዝግጅት ነው። ለመውለድ ሲመጡ አሥሩንም ጥፍር በጥቁርና በሰማያዊ ጄል ሸፍነው የሚመጡ እናቶች አሉ። የኦክስጅን መለኪያው ጣት ላይ ነው የሚደረገው፣ ጥቁር ቀለም ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። ድንገት ኦፕሬሽን ቢያስፈልግ አሴቶን ፍለጋ የሚሮጥ ሰው የለም። ቀኑ የደረሰ ሰው እባካችሁ ባዶውን ይምጣ፣ ወይም ቢያንስ ሁለት ጣት ይተው።

የጤና ባለሙያዎችም አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የእጅ ንጽሕና መመሪያ ላይ በሽተኛ የሚነካ ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳያደርግ፣ የራሱም ጥፍር ከግማሽ ሴንቲሜትር እንዲያጥር ተቀምጧል። ከሥሩ የሚደበቀው ጀርም በመታጠብ ብቻ አይወጣም።

የጥር ሚዜ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሠርጉም መልሱም በሰላም አለፈ። ሐሙስ ማታ አሠራሁ፣ ልክ እንዳልሽው በወተት መሳይ ጫፍ። የወርቁን መስመር ስትሥልልኝ ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ ነበር። እህቴ አይታ እሷም በቀለበት ጣቷ አሠራች፣ አሁን ቀለበት ሲደረግላት በተነሳው ፎቶ ላይ ከቀለበቱ በላይ ይታያል።

ማክሰኞ ማታ በጥጥ ጠረግኩት። የአውራ ጣቱ ወዲያው ለቀቀ፣ የቀለበት ጣቱ ትንሽ አስቸገረኝ፣ ጄሉ ግን ምንም አልሆነም። ቅዳሜ ቅዳሴ ላይ ያንኑ የእናቴን ነጠላ ለብሼ ነበር። የተመዘዘውን ክር ሽሮ ሜዳ ወስጄ አስገጥሜዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ጄሉ ከሥር በኩል ትንሽ ክፍተት ማሳየት ጀምሯል። ልሙላው ወይስ አንስቼ ጥፍሬን ላሳርፈው?

ጥፍር ሠሪዋ፦

አንሺው። ለፋሲካ እስክትመጪ በወይራ ዘይት ወይም በአልመንድ ዘይት ማታ ማታ ዙሪያውን እሺው። ነጠላው ስለተገጠመልሽ በጣም ደስ ብሎኛል።