የስላሸር ልብወለድ በዕድሜ ይገደብ?

መነሻ፦ ስላሸር ማለት ገዳዩ ስለት ይዞ፣ ብዙ ጊዜም ጭምብል አጥልቆ፣ ሰዎችን አንድ በአንድ እያደነ የሚጨርስበት ታሪክ ነው። አብዛኞቻችን በፊልም እናውቀዋለን፤ በልብወለድም ሞልቷል። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «አሜሪካን ሳይኮ» የተባለ ልብወለድ በፕላስቲክ ታሽጎ፣ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ብቻ እንዲሸጥ ተወስኖ ነበር። ለስላሸር መጻሕፍት በሙሉ እንዲህ ያለ ሕግ ይውጣ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ይውጣ። ለፊልም የዕድሜ ገደብ አለ፤ መጽሐፍ ሲሆን ለምን ዝም ይባላል? የ13 ዓመት ወንድ ልጄ ትራስ ስር አንዱን አገኘሁ። ገለጥ ሳደርገው አንዲት ልጅ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቃለች። አፏን በሁለት እጇ አፍናለች። በቀዳዳው የሰውየው ጫማ ይታያታል። ቀጣዩን ገጽ ለመግለጥ አቅም አጣሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የሌሊት አንባቢ፦ እህቴ፣ ድንጋጤሽ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ያን ገጽ ስታነቢ አንቺ የት ነበርሽ? ከልጅቷ ጋር፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ። እ.ኤ.አ. የ1978ቱ «ሃሎዊን» ፊልም ሲጀምር ካሜራው የገዳዩ ዓይን ነው፤ እሱን ሆነን ቤቱ ውስጥ እንገባለን። ጎበዝ የስላሸር ደራሲ ግን የሚታደነው ሰው ልብ ውስጥ ያስገባሻል። ምን እንደሚፈራ፣ ከማን ጋር ተኳርፎ እንደወጣ ታውቂያለሽ። ሲሞት ታዝኛለሽ። ይህን ዘውግ የምወደው ለዚህ ነው። ከ15 ዓመቴ ጀምሮ ሳነብ የሰው ሞት ቀሎብኝ አያውቅም።

መምህሩ፦ ሁሉም እንዲያ ቢጻፍ ምን ነበረበት! ሬሳ ለመቁጠር ብቻ የተጻፉ ስንት አሉ። ተማሪዎቼ የገዳዩን ስም ከነጭምብሉ ይነግሩኛል፤ ከሟቾቹ ግን የአንዱንም ስም አያስታውሱም። ይሄ ያስፈራኛል። ደራሲዋ ሎይስ ደንካን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመችው የወጣቶች ልብወለድ በ1997 ፊልም ሲሆን ወደ ስላሸር ተለወጠ። እሷም እጅግ አዘነች። የገዛ ልጇ በ1989 ተገድላባት ነበር። ግድያ ቤቱ የገባበት ሰው ያዘነበትን ነገር እኛ እንዴት መዝናኛ እንላለን?

የሌሊት አንባቢ፦ መምህር፣ ያሉት ልቤን ነክቶታል፤ ሐዘኗን የምከራከርበት አፍ የለኝም። ግን የእሷ መጽሐፍም የሚታደኑ ወጣቶች ታሪክ ነው። በመኪና ሕፃን ገጭተው ያመለጡ አራት ልጆችን አንድ ሰው ያሳድዳቸዋል፤ አንዳቸውንም ግን አይገድልም። ሕጉ ቢወጣ ይሄ መጽሐፍ ይታሸጋል ወይስ አይታሸግም? መስመሩን ማን ያሰምራል? እኔን የሚጨንቀኝ ይሄ ነው።

17 ዓመቴ፦ ስለኛ ስታወሩ እኛንም ጠይቁን እንጂ! ካሮል ክሎቨር የተባለች ምሁር እ.ኤ.አ. በ1987 ለአንዲት ገጸ ባሕርይ ስም አወጣችላት፤ «የመጨረሻዋ ልጅ»። ሁሉም ሲሞቱ ተርፋ ገዳዩን የምትጋፈጠዋ ናት። እኔ የማነበው ለእሷ ስል ነው። ገና ከመጀመሪያው የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ታውቃለች። ትናገራለች፤ የሚሰማት የለም። «ምን ሆነሻል፣ ዝም ብለሽ ነው» ይሏታል። እኔም ይሄን ቃል ስንቴ ሰምቻለሁ። ብታሽጉብን በስልክ እናነበዋለን። ያኔ ሲከብደን ለማን እናወራለን?

መምህሩ፦ ልጄ፣ ያልሽው እውነት አለው። ያም ሆኖ ሽፋኑ ላይ ማስጠንቀቂያ መጻፉ ማንንም አይጎዳም። ከዚያ በታች አልወርድም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ማስጠንቀቂያው ብቻ አይበቃኝም። 13 እና 17 እኩል አይደሉም፤ ቢያንስ እስከ 15 ይገደብ ባይ ነኝ። ግን ትናንት ማታ ያን ገጽ ገለጥኩት። ልጅቷ ከቁም ሳጥኑ ወጥታለች። አሁን ምዕራፍ 9 ላይ ነኝ። ልጄ የት እንደደረሰ ገና አልጠየቅኩትም።