ውሻዬ ዳክዬውን ውሃ ዳር ላይ እየጣለች አስቸገረችኝ

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው፤ ለዳክዬ አደን የማሠለጥናት የ10 ወር ላብራዶር ውሻ አለችኝ። መስክ ላይ የማለማመጃ የሸራ ጥቅል ስወረውርላት ሮጣ አምጥታ እጄ ላይ ታስረክበኛለች። ከውሃ ስትወጣ ግን ገና ዳር እንደ ደረሰች የያዘችውን ጥላ ሰውነቷን ታራግፋለች። ባለፈው ቅዳሜ የቆሰለ ዳክዬ እንዲሁ ጣለችና፣ እሷ ውሃዋን እስክታራግፍ ዳክዬው ሸምበቆ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እስኪመሽ ፈለግን፤ አላገኘነውም። እስካሁን ይቆጨኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

የሐይቅ ዳር ሰው፦ ወንድሜ፣ እሷን አትቆጣት። የረጠበ ውሻ ማራገፉ አይቀርም። ለጊዜው ዳክዬውን ተወውና በሸራው ጥቅል ብቻ አለማምዳት። ቦቲ ጫማ አድርገህ ቁርጭምጭሚትህ እስኪጠልቅ ውሃው ውስጥ ቁም፤ ደረቅ መሬት ከመርገጧ በፊት ከአፏ ተቀበላት፣ ከዚያ እንዳሻት ታራግፍ። ይህን ስትለምድ ዳሩ ላይ ቁም፤ ቀጥሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ደግሞ አንድ። ከጣለች ቸኩለሃል ማለት ነው፤ ወደ ቀድሞው ቦታህ ተመለስ።

የሁለት ውሾች እናት፦ «ያዢ» የሚለውን ቃልስ ታውቀዋለች? የእኔን ያስተማርኳት ቤት ውስጥ ነው። ጥቅሉን አፏ ውስጥ አድርጌ አገጯን ከሥር በጣቴ ደግፌ እስከ ሦስት እቆጥር ነበር፤ በኋላ እስከ አሥር፣ በኋላም እየተራመደች። በመጨረሻ በጣሳ ውሃ ጀርባዋ ላይ አፈሰስኩባት። ዓይኗን ጨፍና፣ ቆዳዋ እየተንቀጠቀጠ ያዘችው! አደራ፣ ከአፏ አትጎትቱ። የሚጎተትባት ውሻ መንከስ ትለምዳለች፣ ሥጋውም ይደቃል።

አዛውንቱ አዳኝ፦ ልጄ፣ የቆሰለ ወፍ ለጀማሪ ውሻ አይሰጥም። ክንፉን ሲያራግብባት ወይ ትፈራለች ወይ ትጨፈልቀዋለች። መጀመሪያ የዳክዬ ክንፍ ሸራው ላይ በገመድ እሰርላት፤ ቀጥሎ የሞተና የቀዘቀዘ ወፍ። ተመትቶ የወደቀውን ወፍ ፈልጎ ለማንሳት መጣር በፌዴራል ደንብም ግዴታ ስለሆነ መቆጨትህ ተገቢ ነው። ውሃው አሁን ቀዝቃዛ ነው፤ በቀን ሦስት አራት ውርወራ ይበቃታል፣ ከዚያ በፎጣ አድርቃት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምስት ቀን ሞከርኩት። ትናንት ከዳሩ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር፤ ጥቅሉን እንደ ያዘች ውሃው ከጆሮዋ እየተንጠባጠበ መጥታ ሰጠችኝ። ክንፉን እሑድ አስራለሁ።