ክርክር፦ ማሞግራም (የጡት ራጅ) የሚያነበው ሁለተኛው ሐኪም በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ይተካ?

መነሻ፦ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለቅድመ ምርመራ የሚነሳን ማሞግራም ሁለት ራዲዮሎጂስቶች (የሕክምና ምስል የሚያነቡ ሐኪሞች) ለየብቻ ያነቡታል። ማሳይ የተባለው የስዊድን ጥናት ከ80 ሺህ በላይ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ በአንዱ ወገን ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ ምርመራ ከ1 እስከ 10 የስጋት ነጥብ እንዲሰጥ አደረገ። 10 ያገኘውን ሁለት ሐኪሞች፣ የቀረውን አንድ ሐኪም አነበበው፤ በሌላው ወገን እንደተለመደው ሁለት ሐኪሞች አነበቡ። ይህ አሠራር ይጽደቅ?

ራዲዮሎጂስት፣ ስዊድን፦
ይጽደቅ። በ2023 በወጣው ውጤት በኤአይ የታገዘው ወገን 244 ካንሰር አገኘ፣ ሌላው 203። የንባቡ ብዛት ከ83,231 ወደ 46,345 ወረደ። ካንሰር ሳይኖርባቸው ለተጨማሪ ምርመራ የተጠሩት በሁለቱም ወገን 1.5 በመቶ ናቸው። ሐኪሙ ተባረረ የሚባለውም ልክ አይደለም፤ የሐኪም ዓይን ሳያየው ያለፈ ምስል የለም።

የጡት ቀዶ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
ዶክተር፣ 41ዱን ትርፍ ካንሰር እስቲ ፈልፍለን እንየው። ከበቀለበት ቦታ ገና ያልወጣው በኤአይ ወገን 60፣ በሌላው 38 ነው፤ ዙሪያውን ሰርስሮ የገባው 184 በ165። ከትርፉ ከግማሽ በላይ፣ 22ቱ፣ ያልወጣው ዓይነት ነው ማለት ነው። ከዚህ ዓይነቱ አንዳንዱ ዕድሜ ልክ ሳይጎዳ ሊቀመጥ ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ መለየት ስለማንችል ግን ብዙውን ጊዜ ሁሉንም በቀዶ እናወጣለን። ብዙ ማግኘት ብቻውን ማስረጃ አይሆነኝም። በሁለት ምርመራዎች መካከል ብቅ የሚለው ካንሰር ቀንሷል ወይ?

ራዲዮሎጂስት፣ ስዊድን፦
እሱም ወጥቷል፦ ከሺህ ሴቶች 1.55 በኤአይ ወገን፣ 1.76 በሌላው።

የጡት ቀዶ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አይበልጥም። አልባሰም ያሰኛል እንጂ ቀነሰ አያሰኝም። የሥራ ጫና ለመቀነስ ግን አልባሰም ይበቃልና በዚህ እስማማለሁ።

ማሞግራፊ ቴክኖሎጂስት፦
ሁላችሁም ምስሉ በደንብ እንደተነሳ አድርጋችሁ ነው የምትከራከሩት። በሰያፍ በሚነሳው እይታ የደረት ጡንቻ እስከ ጡት ጫፍ ትይዩ ካልወረደ የጡቱ ጀርባ ተቆርጦ ቀርቷል። እዚያ ያለ ዕጢ ፊልሙ ላይ የለም፤ ሶፍትዌሩ ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጥና አንድ ሐኪም ብቻ አይቶት ያልፋል። ሌላው ዲዮዶራንት ነው። በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ብብት አካባቢ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፣ የካንሰር ምልክት ሊሆን የሚችለውን የካልሲየም ክምችት ይመስላል። አስጠርጎ እንደገና ማንሳት ነው። የስጋት ነጥቡ ስለ አነሳሱ ጥራት ምንም አይነግራችሁም፤ ስለዚህ ነጥቡ ከመታየቱ በፊት የምስሉን ጥራት የሚፈትሽ ሰው መኖር አለበት።

የሕክምና ምስል ሶፍትዌር መሐንዲስ፦
እኔ የምቃወመው አገባቡን ነው። የማሞግራፊ ማሽኑ አምራች የምስል ማቀነባበሪያውን ባደሰ ቁጥር ንፅፅሩ ይለወጣል፤ ትናንት 6 ያገኘ ምስል ዛሬ 9 ሊያገኝ ይችላል። መልሳቸው የታወቀ ጥቂት መቶ ምርመራዎችን አስቀምጦ ከእድሳቱ በፊትና በኋላ ማስነበብ ግዴታ ይሁን። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። በ2023 በወጣ የጀርመን ጥናት 27 ራዲዮሎጂስቶች 50 ማሞግራም አነበቡ። ኤአይ ሆን ተብሎ ስህተት ሲነግራቸው፣ ልምድ የሌላቸው ትክክል የመለሱት ከ80 በመቶ ገደማ ወደ 20 በመቶ ወረደ። በጣም ልምድ ያላቸው እንኳ ከ82 ወደ 45.5። ስለዚህ ሐኪሙ የራሱን ፍርድ መዝግቦ ሳይቆልፍ ነጥቡም ሶፍትዌሩ ምስሉ ላይ የሚያኖረው ምልክትም አይከፈትለት።

ራዲዮሎጂስት፣ ስዊድን፦
በማሳይ ሐኪሞቹ ነጥቡን እያዩ ነው ያነበቡት፤ የተገኘው ውጤትም የዚያ አሠራር ነው። ከደበቅነው ሌላ አሠራር ነውና ሌላ ጥናት ይፈልጋል። ለጀማሪዎች ግን እኔም እደብቀዋለሁ።

የጡት ቀዶ ሐኪም፣ አዲስ አበባ፦
ኢትዮጵያ ይምጣ ለምትሉ አንድ ነገር ልጨምር። ምስሉን አንድ ወይስ ሁለት ሐኪም ያንብበው የሚለውን የሚወስነው የስዊድኑ መቁረጫ ነጥብ የተፈተነው ምልክት በሌላቸው፣ ከሺህ 5 ወይም 6 ብቻ ካንሰር በሚገኝባቸው ሴቶች ላይ ነው። እኛ ዘንድ የምትመጣው በአብዛኛው እብጠት በእጇ ዳስሳ ነው፤ ካንሰር የመሆኑ ዕድል ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያ የተማመናችሁበት ዝቅተኛ ነጥብ እዚህ ብዙ ካንሰር ያሳልፋል። የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ደግሞ ነጭ ዕጢ በነጭ ላይ ይሰወራል። ነጥቡ 2 ቢሆንም የሚዳሰስ እብጠት ያላት ሴት አልትራሳውንድ ሳትነሳ አትሸኝ፤ ካጠራጠረም ናሙና ይወሰድላት። ገንዘቡ ካለ አስቀድሞ ለናሙና መርፌና ለፓቶሎጂ (ናሙናው ለሚመረመርበት ላቦራቶሪ) ይዋል፤ ውጤቱ የሚዘገየው እዚያ ነው።

ማሞግራፊ ቴክኖሎጂስት፦
በመርፌው እስማማለሁ፣ ግን ቴክኖሎጂስት ማሠልጠኛውን አትርሱት።