የቢሾፍቱ ኤርፖርት፦ 6 ቢሊዮኑ እንዴት 12.5 ሆነ?

ሒሳብ ሠራተኛው፦
በነሐሴ 2016 ቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው የአዲሱ ኤርፖርት የዲዛይን ውል ሲፈረም 6 ቢሊዮን ዶላር ተባለ። በዓመቱ የአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር ሊያሰባስብ ሲገባበት 10 ደረሰ፤ ጥር 2018 ግንባታው ሲጀመር 12.5። ኤርፖርቱን አልቃወምም። ግን በዓመት ተኩል ዋጋው ከእጥፍ ሲያልፍ ምን ተጨመረበት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው? ብድሩ የሚመለሰው በዶላር ነው።

ከዋሽንግተን፦
ወንድሜ ጥያቄህ ልክ ነው፤ ቦሌን ግን አትርሳ። ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ለረጅም ጉዞ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ከዚህ ወደ አዲስ ቀጥታ እንበራለን፤ ከአዲስ ስንመለስ ግን መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል። እናቴን ሳመጣት እግሯ አብጦ፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ደረስን እንዴ?» እያለች ስትጠይቀኝ ነበር። ቢሾፍቱ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ይህ ቅንጦት አይደለም።

ኢንጂነሩ፦
6 ቢሊዮኑ ዲዛይኑ ሳያልቅ የተሰጠ ግምት ነው። እንዲህ ያለ ግምት መጨመሩ አይቀርም። የበርሊንም ኤርፖርት በፈረንጆቹ 2012 ሊከፈት ተብሎ በ2020 ነው የተከፈተው፣ ወጪውም ከታሰበው ከእጥፍ በላይ ሄዷል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ታዲያ የበርሊን ሰው ዝርዝሩን ጠይቋል፣ ፓርላማቸውም መርምሯል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ደግሞ ግንባታው ብቻ አይደለም፤ ቦሌ ለአገር ውስጥ በረራ ይቀጥላል ተብሏል። ሁለት ኤርፖርት ማብራት፣ ማጽዳት፣ መጠበቅ፣ በመካከላቸውም ባቡር። ይህ ሁሉ ዞሮ ትኬት ላይ ነው የሚያርፈው።

የአድአ ልጅ፦
ሁላችሁም ስለ ዶላር ታወራላችሁ። እኔ ያደግሁት እዚያ አካባቢ ነው፤ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፣ ጤፉን አገር ያውቀዋል። ሲሚንቶና ብረት ሲወደድ የፕሮጀክቱ ዋጋ ይከለሳል። ለኤርፖርቱ ተብሎ ከመሬቱ የሚነሳው ገበሬ ካሳ ግን በብር ተሰልቶ አንዴ ተከፍሎ ያበቃል። ብር ሲወርድ እሱን ማን ይከልስለታል? ከብቱን ሸጦ፣ አዲሱ ቤት በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚውል አባወራ ስንት ዓመት ይበላል በዚያ ብር?

ከዋሽንግተን፦
ይህን አላሰብኩትም። የካሳው ክለሳ 12.5ቱ ውስጥ መግባት አለበት፤ በዚህስ ከአንተ ጋር ነኝ።

የአድአ ልጅ፦
እንግዲያው ከቴርሚናሉ በፊት ይጻፍልን።