ባሌ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ይቆማል፣ ማሽኑን ደግሞ እምቢ አለ

የቢቲ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለነው ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ ትራክ ይነዳል፣ አገር አቋራጭ። ማንኮራፋቱን ድሮም ለምጄዋለሁ፣ የደከመው ሰው ነው ብዬ። አሁን ግን ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጭጭ ይላል፣ ትንፋሽ የለም፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው አየር ስቦ ይቀጥላል። እኔ ነቅቼ ትንፋሹን ስጠብቅ ይነጋል፤ እሱ ጠዋት ተነስቶ «ለጥ ብዬ ነው ያደርኩት» ይለኛል። ግን ራሱን ያመዋል፣ ሶፋ ላይ ቁጭ እንዳለ ይተኛል፣ የደም ግፊቱም ሁለት ዓይነት መድኃኒት እየወሰደ አልወርድ ብሏል። አማቴ ከአዲስ አበባ ደውለው «ዱካክ ነው፣ ጠበል ይጠመቅ» አሉ። በስንት ልመና ሐኪም ጋ ሄደ። ቤት የሚደረገውን የእንቅልፍ ምርመራ ሰጡት፣ ጣቱና ደረቱ ላይ አስሮ አደረ፤ ስሊፕ አፕኒያ ነው (እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያቋርጠው በሽታ)፣ ውጤቱም 38 ነው አሉ። ሲፓፕ የሚባለው፣ በማስክ አየር የሚነፋው ማሽን ታዘዘለት። ጥቂት ሞክሮ «አፈነኝ፣ አፌ ደረቀ፣ ደግሞም ካወቁብኝ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል» ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው። 38 ማለት ምን ያህል ነው? ፈቃዱንስ እውነት ይወስዱበታል?

የሌሊት ፈረቃ፦
እህቴ፣ ነርስ ነኝ። 38 ከባድ የሚባለው ውስጥ ነው። ቁጥሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ትንፋሹ እንደቆመ ወይም በጣም እንደቀነሰ ነው የሚናገረው፣ እያንዳንዱም ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየ ነው። ከ5 በታች ጤነኛ፣ እስከ 15 ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ የሱ ደግሞ ከልክ በላይ ላልቶ ምላሱና ላንቃው ወደ ኋላ ወርደው የአየር መንገዱን ይዘጉታል። ኦክስጅን ሲወርድ አንጎል ለቅጽበት ያነቃዋል፣ ጉሮሮው ይከፈታል፣ ተመልሶ ይተኛል። ይህን አያስታውሰውም፤ ለዚህ ነው ለጥ ብዬ አደርኩ የሚልሽ፣ አይዋሽም። ልብ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲደነግጥ ያድራል። የግፊቱ እምቢ ማለት ከዚህ ጋር ሊሆን ይችላል፣ ለግፊቱ ሐኪም ውጤቱን አሳዪው። የልብ ምት መዛባትና ስትሮክም አብረው ሊመጡ ይችላሉ። ጠበሉን አልከለክልም፣ ይጠመቅ፣ ማታ ግን ማስኩን ያድርግ።

ሲፓፕ ኦክስጅን አይደለም፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተራውን የክፍል አየር ገፋ አድርጎ ይልክና ጉሮሮው እንዳይደፈን ይይዘዋል። በፈረንጆቹ 1981 አውስትራሊያ ውስጥ ኮሊን ሱሊቫን የሚባል ሐኪም ነው ያስተዋወቀው፤ እስካሁን ለከባዱ መጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው።

ባለ18 ጎማ፦
ፈቃዱን በተመለከተ ለወንድሜ ንገሪልኝ፣ በሽታው ብቻውን ከሥራ አያስወጣም። አደጋው ሳይታከም መንዳት ነው። የዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ሐኪሞች ማሽኑን እየተጠቀመ መሆኑን አይተው ለመንዳት የሚያስፈልገውን የጤና ካርድ ይሰጡታል፣ ብዙ ጊዜ የአንድ ዓመት። ማሽኑ ራሱ ሰዓቱን ይመዘግባል። የሚፈልጉት በአብዛኛው ቢያንስ ከ10 ሌሊት በ7ቱ 4 ሰዓት መጠቀም ነው፣ ኢንሹራንሱም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው የሚያየው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ካስቀመጠው ማሽኑን ሊወስዱት ይችላሉ። እኔም ትራኬ ላይ በ12 ቮልት ሽቦ ነው የምጠቀመው፣ አልጋው አጠገብ ያለው ሶኬት ይበቃል።

አፈነኝ ላለው፣ አፍና አፍንጫ የሚሸፍነውን ትልቁን ማስክ ሰጥተውት ከሆነ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚቀመጠውን ትንሿን ይጠይቅ። በአፉ የሚተነፍስ ከሆነ ግን እሷ አትሆነውም። ማሽኑ የአየሩ ግፊት ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምርበት ማስተካከያ አለው፣ ያስከፍተው። አፉ ለሚደርቀው ማሞቂያ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያውን ይሙላ፣ በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ። ጺም ካለው አየር ያፈተልካል። ቀን ቲቪ እያየ ማስኩን አድርጎ ይለማመድ፣ ይሳቅበታል ግን ይሠራል።

ከደንቨር፦
ማሽን ለምን? የአፍ ፕላስተር ለጥፎ መተኛት ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ሰው ይላል።

የሌሊት ፈረቃ፦
በጭራሽ! የአየር መንገዱ የሚዘጋ ሰው ላይ አፍ መለጠፍ ምን ማለት ነው? አማራጭ ከተፈለገ እውነተኛው አለ። የጥርስ ሐኪም የሚሠራው የታች መንጋጋን ወደ ፊት የሚያወጣ አፍ ውስጥ የሚደረግ መሣሪያ አለ፣ ግን ይበልጥ ለቀላልና ለመካከለኛው ነው። ሲፓፕ ጨርሶ እምቢ ላላቸው አንዳንድ ሰዎች የምላስን ነርቭ የሚያነቃቃ፣ ደረት ውስጥ በቀዶ ጥገና የሚቀበር መሣሪያ አለ። ውፍረት ካለበት ደግሞ ዜፕባውንድ የሚባለውን መርፌ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ) በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ወር 2024 ለመካከለኛና ለከባዱ ፈቅዶታል፤ ክብደቱ እስኪወርድ ግን ወራት ይወስዳል፣ እስከዚያ ማሽኑ አይቀርም። ቀጭን ቢሆንም በሽታው ቀጭን ሰውንም ይይዛል፣ ምክንያቱ የመንጋጋ አሠራር ሊሆን ይችላል። በጀርባው አይተኛ። ማታ ቢራና የእንቅልፍ ኪኒን ይቅርበት፣ ጡንቻውን ይበልጥ ያላሉታል።

የቢቲ እናት፦
ተባረኩ። የፈቃዱን ጉዳይ ሲያነብ ፊቱ በራ፣ ማስኩን ሊያስቀይር ቀጠሮ ያዘ። አገር ቤት ልንሄድ ነበር፣ እዚያስ መብራት ሲጠፋ?

ባለ18 ጎማ፦
አብዛኛው ማሽን ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ የመብራት ገመዱ ላይ ያለችው ሳጥን ጀርባ ላይ የተጻፈውን እዩ፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የምትገዙት። ለመብራቱ ለሲፓፕ የተሠራ ባትሪ አለ፣ ማሞቂያውን ካጠፋው ረዘም ይላል። አውሮፕላን ላይ በእጃችሁ ያዙት፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቡት፤ የሕክምና መሣሪያ ስለሆነ ከአሜሪካ ስትነሱ እንደ እጅ ሻንጣ አይቆጠርባችሁም። የሐኪሙን ወረቀትም ጨምሩበት።