ቱሉ ዲምቱ ላይ ልጆች ይዞ ያለ መኪና መኖር ይቻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ኮንዶሚኒየም ደርሶን አዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ ከገባን ስምንት ወር ሆነን። እኔ የምሠራው ሜክሲኮ ነው፣ ባለቤቴ ሳሪስ። ሁለት ልጆች አሉን፣ ትልቁ 7 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 3።

ጠዋት 11፡30 ከቤት እወጣለሁ። የታክሲ ሰልፉን የምታውቁት ነው፣ ዝናብ ከሆነማ ታክሲው ራሱ ይጠፋል። እስከ ቃሊቲ በሚኒባስ ሄጄ ከዚያ በባቡር ሜክሲኮ መግባትም ሞክሬያለሁ፤ ለኪስ ይሻላል፣ ግን ሁለት ቦታ መጠበቅ ስላለ ሰዓቱ ያው ነው። ትልቁን ልጅ ሰርቪስ አስገባነው፣ እሱ ተሳክቶልናል።

የእኛን መንገድ እንችለዋለን። ያስጨነቀኝ ሌሊቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 7 ሰዓት የትንሿ ትኩሳት ሲጨምር በስልክ መኪና ብንጠራ የሚመጣ ጠፋ፣ በመጨረሻ ጎረቤት ቀስቅሰን ነው ሐኪም ቤት ያደረስናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ መኪና ካልገዛን ትላለች፣ እውነቷን ነው።

ግን ያጠራቀምነው 600 ሺህ ብር ብቻ ነው። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ ቪትዝ እንኳን ዋጋው አይቀመስም። ኤሌክትሪኩን ደግሞ አራተኛ ፎቅ ሆኜ ቻርጅ የማደርግበት የለኝም። ብድር ውስጥ ገብቼ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ መንካት አልፈልግም።

እንደኛ ከተማው ዳር ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ያለ መኪና የምትኖሩ፣ ሌሊት ልጅ ሲታመምባችሁ በምንድነው ሐኪም ቤት የምትደርሱት?